በተጉለት ስለ ሁለቱ ሰንበት የተደረገ ክርክር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ከዚያ ወደ ተጉለት ቢያልፍና ዕለቱ ቅዳሜ ቢሆን፥ ሞፈሩ በደጅ ተጋድሞ፥ በሬውም ያለ ቀንበር በመስክ ሲግጥ ያያል። ይህን ዕረፍት ያለ ሙግት ከአባቶች የወረድን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተገኘው መቶ ዓመት ያህል ከቈየ ክርክር በኋላ ነው።

የሰራዬው መምህር አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ነገሩን የአይሁድ ሥርዐት ነው ሲሉ ነቀፉት። መምህሩ ተሰደው በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ከጳጳሱ ክህነት ሳይቀበሉ በሰሜን ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት አቀኑ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ታስረው ከቈዩ በኋላ፥ በ1396 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዳዊት አስፈትተው ወገኖቻቸው በሥርዐታቸው እንዲኖሩ ፈቀዱ። ሆኖም አንድ እምነት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን ምክንያት እንደ ተከፈለ ቀረ።

ነገሩ የተፈጸመው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓመተ ምሕረት በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው። ይህን ደብር ንጉሡ ያሠሩት በግብፅ ያለው ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን ሰምተው ነበር። በጉባኤው ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ሁለቱ ሰንበት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ።

በችሎት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፥ አንዱ ረቶ ሌላው ተረትቶ ብቻ ከሄደ፥ ፍርዱ ቢጻፍም ቂሙ አይጠፋም። በደብረ ምጥማቅ ግን አንዱ ወገን ቀኑን፥ ሌላው ሥልጣኑን ይዞ ተመለሰ።

እኚሁ ንጉሥ ለማርያምና ለመስቀል መስገድን እንቢ ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በብርቱ ቅጣት አሳደዱ። ከዚያ ሙግት የተረፈው በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የተጠበቀው የመከራቸው ታሪክ እንጂ ሁሉ በአንድነት የሚይዘው ልማድ አይደለም።

እንግዲህ አገርን አንድ የሚያደርገው ክርክር አለመኖሩ ሳይሆን የክርክሩ አጨራረስ ነው። የተጉለት ገበሬ በዚያ ጉባኤ ማን እንደ ረታ አይጠይቅም፤ ቅዳሜ ሲደርስ በሬውን ፈትቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ ያርፋል።