ነጥብ ወይስ ጊዜ?

ሚዛን ቢቀና እንኳ ሳይደርስ የታጨደ እህል መቅለሉ አይቀርም፤ ጥፋቱም የሚዛኑ ነው አይባልም። ልጆቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገቡበት ስለ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስናስብ ይህን ልንዘነጋው አይገባም።

ጦርነቱ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ በቤታችን የምታድገው የእኅታችን ልጅ መጻሕፍቷን ጥላ ከእኛ ጋር ተሰደደች። በሌላው አገር ያሉ እኩዮቿ ለፈተና ሲቀመጡ እርሷ በተጠጋንበት ቤት ውኃ ትቀዳ ነበር። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላ በሁለተኛው ዙር ተፈተነች፤ ውጤቷም ለዩኒቨርሲቲ በቃ፣ ለተመኘችው ለሕክምና ትምህርት ግን አልበቃም። ያን ጊዜ ቤታችን በሐሳብ ተከፈለ። እኩሌቶቻችን «በጦርነት መካከል ላለፈ ልጅ የመግቢያው ነጥብ ዝቅ ሊልለት ይገባል» አልን፤ እኩሌቶቻችንም «በሽተኛ ነፍሱን የሚሰጠው ለሐኪሙ ዕውቀት እንጂ ለሐኪሙ መከራ አይደለም» አልን።

ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከልከል ሲባል ተፈታኞች ስልካቸውን ትተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ ተፈተኑ። ከ896,000 በላይ ከሆኑት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀና ሚዛን ለድኻ ልጅ ጋሻው ነው፤ መልስ የሚገዛበት ገንዘብ የለውምና። ነገር ግን ከመቶው ሦስት ብቻ ሲያልፉ፣ የተመዘነው ልጁ ብቻ ሳይሆን ያስተማረው ትምህርት ቤትና ያሳደገው ቤት ጭምር ነው።

ስለዚህ ነጥብ ከመቀነስ ይልቅ ጊዜ መስጠት ይሻላል እንላለን። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ወደ ማለፊያው ነጥብ ለተጠጉ ተማሪዎች የተከፈተው የሪሚዲያል ትምህርት በዚህ መንገድ የሄደ ነው፤ ተማሪው ይማራል፣ ዳግመኛም ይመዘናል።

ወላጆች ሆይ፣ ጊዜ መስጠት የመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም። ሴት ልጃችን ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ በእኩለ ሌሊት መጽሐፍ ስትገልጥ፣ ወንድሟ ግን ከቀትር ጀምሮ ሲያነብ የዋለ እንደሆነ፣ አድልዎው ከፈተናው በፊት በጓዳችን ተፈጽሟል። የጽዋ ማኅበራችንም ከድግሱ ጥቂት ቀንሶ ለተቸገረ የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ ቢገዛ መልካም ያደርጋል። ከሁሉ አስቀድመን ግን የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም እኩል እናካፍል፤ ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም።