ኳሱን ከተነጠቅን በኋላ

በሙቱንጎ የሚኖሩ ኡጋንዳውያን ጎረቤቶቼ ስለ ዋልያዎቹ የሚያነሱት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እንዲህ አሳምራችሁ እየተቀባበላችሁ ለምን ትሸነፋላችሁ?» ይሉኛል። ሙገሳና ሽሙጥ የተቀላቀለበት በመሆኑ መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። በተለይ ያስቸገረኝ በ2021 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እዚህ በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የካምፓላው ዩአርኤ ኢትዮጵያ ቡናን ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ባስወጣ ጊዜ ነበር። ዩአርኤ የኡጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣን ክለብ እንደመሆኑ፣ «ግብራችሁን ከፍላችሁ ሄዳችሁ» የሚለው ቀልድ በሰፈራችን ሰነባበተ።

ቀልዱ የከነከነኝ ያ ቡና ተራ ቡድን ስላልነበረ ነው። አሠልጣኙ ካሳዬ አራጌ ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ መሥርቶ መጫወትን እንደ እምነት የያዘ ሰው ነው። በ2020/21 የውድድር ዘመን ቡድኑ ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ፣ አቡበከር ናስር 29 ጎሎችን አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በአገር ውስጥ እንዲህ ያማረ አጨዋወት ድንበር ሲሻገር ለምን ይሰናከላል?

አንዳንዶች መልሱን ከቁመታችን ይጀምራሉ። «አጭርና ቀጭን ነን፤ በጉልበት አንችልም» ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ዣቪና ኢኒዬስታ ከ1 ሜትር ከ71 የማይበልጡ ሰዎች ናቸው፤ ዓለምን ለዓመታት ሲያስጨንቁ ግን ኖረዋል። ሌሎች ደግሞ አጨዋወቱን ራሱን ይወቅሱና ኳሱን ወደ ፊት እየጠለዝን እንድንሮጥ ይመክራሉ። ይህም ቢሆን ሕመሙን ትቶ ሕመምተኛውን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ኳስ መሥርቶ የሚጫወት ቡድን ሜዳውን ማስፋት ግዴታው ነው። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ይራራቃሉ፤ የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ የክንፍ አጥቂዎቹ የመስመሩን ኖራ ይረግጣሉ። 68 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ተቃራኒው ቡድን ሁሉንም መሸፈን ስለማይችል በመካከል ክፍተት ይገኛል። በአሜሪካ ኮሌጆች በእጅ የሚጫወቱት የእነርሱ እግር ኳስም የዚሁ ሐሳብ ዘመድ አለው፤ አራትና አምስት ኳስ ተቀባዮችን በሜዳው ስፋት በትነው ያጠቃሉ። እዚያም ቢሆን ከፊት ቆመው ኳስ ወርዋሪውን የሚከልሉት ሰዎች ደካማ ከሆኑ፣ ወርዋሪው ቀና ብሎ ሳያይ መሬት ላይ ይጣላል። የተበተነ ቡድን ኳሱ በእጁ እስካለ ድረስ ሰፊ ነው፤ ኳሱን የተነጠቀ ዕለት ግን ያው ስፋቱ የጠላት መንገድ ይሆናል።

የእኛን ታሪክ በዚህ ዓይን ላየው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከዛምቢያ ጋር፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ሰብሮ የገባ አጥቂን ለማስቆም ከግቡ ወጥቶ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። የሰውነት ቢሻው ልጆች በአሥር ሰው ሲታገሉ ቆይተው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 መውጣታቸው እስከ ዛሬ የሚያኮራ ነው። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ከተሸነፍን በኋላ በናይጄሪያው ጨዋታ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ተሰጡብን፤ ግብ ጠባቂያችንም ወጣ፤ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጠለቀ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በጥር 2022 በካሜሩን፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታችን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያሬድ ባየህ የመጨረሻ ሰው ሆኖ ጥፋት ሠርቶ በቀይ ወጣ።

አሠልጣኙ ተለውጧል፤ ተጫዋቹም ከጥቂቶች በቀር ተለውጧል። ሥዕሉ ግን ያው ነው፦ ከኋላ ብቻውን የቀረ አንድ ሰው፣ ከፊቱ ባዶ ሜዳ፣ ወደ እርሱ የሚጋልብ አጥቂ። ይህን የዳኛ በደል ወይም የዕድል ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል። ኳሱ በተነጠቀባቸው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ማን እንደሚጫን፣ ማን እንደሚያፈገፍግ ያልተነገረው ቡድን የመጨረሻውን ሰው ለቀይ ካርድ ያስረክባል። የጋርዲዮላን ባርሴሎና ለቅብብሉ ብለን ወደድነው እንጂ፣ ኳሱን በተቀማ ቅጽበት እንደ ንብ ሲከብብ ልብ አላልነውም።

በዚያው ውድድር ከካሜሩን ጋር በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ ሲያገባ ሙቱንጎ ያለን ሐበሾች ጮኸን ሳንጨርስ፣ ከመስመር በተሻገረች ኳስ በጭንቅላት አቻ ሆኑ። ውጤቱም 4 ለ 1 ተጠናቀቀ። የመስመር ተከላካዮቻችን ለማጥቃት ወጥተው በሚመለሱበት ጊዜ ክንፋችን ክፍት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን አይቻልም ማለት አይደለም። በሰኔ 2022 በሊሎንግዌ የውበቱ አባተ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ዳዋና ሽመልስ በቀለ በመጀመሪያው አጋማሽ ጨርሰውታል። ሳላህ አልነበረም፤ ቢሆንም ግብፅ ግብፅ ናት። ከቀናት በፊት በዚያው ሜዳ በማላዊ 2 ለ 1 የተሸነፈው ይኸው ቡድን ነበር። ስለዚህ ችሎታው አለ ማለት ነው፤ የሌለው ጽናቱ ነው።

ጽናት ደግሞ ከልምምድ ይመጣል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን የሚያገኛቸው ለጥቂት ቀናት ነው። በክለቡ ኳስ መሥርቶ የሚጫወተውና በረጅሙ የሚጠልዘው በአንድ ካምፕ ይገናኛሉ። ቅብብሉን በተሰጥኦ ሊግባቡበት ይችላሉ፤ አብሮ መጫንና አብሮ ማፈግፈግ ግን በየዕለቱ ካልተደጋገመ አይገኝም።

ሜዳም አለ። ግብፅን ያሸነፍንበት ጨዋታ በመዝገብ ላይ የእኛ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር፤ ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ማላዊ ተበድረን ተጫወትን። ፕሪሚየር ሊጉም ከ2020/21 ወዲህ ክለቦች በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሥርዓት ስለያዘ፣ አንድ ሣር በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ይሸከማል። ኳሷ በምትነጥርበት መሬት ላይ አንድ ንክኪ ሁለት፣ ሁለቱም ሦስት ይሆናል፤ ተቃራኒው በዚያች ትርፍ ንክኪ መካከል ይደርሳል። እዚህ ሙቱንጎ በቀይ አፈር ሜዳ የሚጫወቱ ልጆች ኳሷን ከመሬት ቶሎ የሚያነሷት ወደው አይመስለኝም።

እኔ አሁን የዋልያዎቹን ጨዋታ ስመለከት ዓይኔ ኳሷን መከተል ትቷል። ሽመልስን የመሰለ ባለ ተሰጥኦ ሲያቀብል ሌሎች ያጨብጭቡለት፤ እኔ ከኋላ የቀሩት ሁለቱ ተከላካዮች በመካከላቸው ስንት እርምጃ እንዳለ እቆጥራለሁ።