የእናታችን የምርመራ ወረቀቶች

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ሰሌዳ ላይ ስለ ግቢ ጽዳት፣ ስለ እግር ኳስ ውድድርና ስለ ማስተማር ልምምድ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ቁርጥማት የጻፈ ግን እስካሁን አላየንም። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን የእናታችንን የምርመራ ወረቀት በፌስታል ይዘን ከመቲ ቴፒ፣ ከቴፒ ጅማ ስንመላለስ ዓመታት ስላለፉ ያየነውን ብንጽፍ ለነገ መምህራን አይከፋም ብለን ተነሥተናል። እኛ ስንል አንዲት ታላቅ እኅትና ሁለት ወንድማማቾች ማለታችን ነው። ከሦስታችን አንዱ በዚህ ማሠልጠኛ ተቋም የሚገኝ ሲሆን፣ ጽሑፉ የተሰናዳው ግን በዕረፍት ጊዜ ሦስታችንም መቲ ላይ ተቀምጠን ነው። ለእናታችንም አንብበንላት፣ «ስሜን ብቻ እንዳታስገቡ» ብላ ፈቅዳለች።

መቲን ለማያውቅ፣ በጋምቤላ ክልል በማጃንግ ዞን የምትገኝ ዙሪያዋን ደን የከበባት ከተማ ናት። ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በማርና በበቆሎ ነው። ወረዳችን ጎደሬ ስሟ ከሥራ ሥሩ ተክል ስም ጋር አንድ በመሆኑ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ይሥቃል፤ በኋላ ግን ጎደሬውንም ይለምደዋል። እናታችን ከቤታችን ጀርባ ትንሽ የቡና ማሳ አላት። የሦስታችንም ደብተርና ጫማ የወጣው ከዚያች ማሳ ነው።

ሕመሙ የጀመራት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ ለለቀማ በደረሰበት ሰዓት ነበር። ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር አቃታት፤ ጀበናውን በሁለት እጇ ማንሣት ጀመረች። ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ የሁለቱም እጅ አንጓ፣ ጉልበቷና የእግሯ ጣቶች ሥር አበጡ። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ እጇ እንደ እንጨት ደርቆ ይቆይና ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይላላል። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው ምች ነው አለ። የሚበዙት ደግሞ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አሏት። እናታችን በዓመት ስንት ጊዜ ሥጋ እንደምትበላ ቢያውቁ ኖሮ ይህን ምክር ባልለገሷት ነበር! አንድ የማጃንግ ጎረቤታችን ምንም ሳይናገር ማር ይዞ መጣ። ከሁሉም የወደደችው እሱን ነው።

የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገችው በአንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ወረቀቱ ላይ ኤ.ኤስ.ኦ ፖዘቲቭ፣ አር.ኤፍ ፖዘቲቭ ተብሎ ተጽፎ ነበር። «ሩማቲክ ነው» ተባለችና በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። ሰባት ወር ተወጋች። መርፌው ያማል፤ ዕብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብናል፤ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚያደናግረው የሁለት በሽታዎች ስም መመሳሰል ነው። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ፣ ስትሬፕቶኮከስ ከተባለች ባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው። መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ ዋናው ጉዳቱ ግን ቫልቭ በሚባሉት የልብ በሮች ላይ ነው። ለዚህ በሽታ የፔኒሲሊኑ መርፌ ነፍስ አዳኝ ነው። ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ ጉልበቴን፣ ቁርጭምጭሚቴን የሚል ልጅ ቢገጥመን «ተጫውቶ ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም። ሩማቶይድ አርትራይቲስ ግን ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት መስሎት የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን የሚያጠቃበት፣ ከወንድ ይልቅ ሴትን የሚያበዛ፣ ካልታከመ አጥንት የሚበላ በሽታ ነው። ፔኒሲሊን አይነካውም። ኤ.ኤስ.ኦ የተባለው ምርመራ ደግሞ የሚናገረው ሰውነት ከዚያች የጉሮሮ ባክቴሪያ ጋር በቅርብ ጊዜ መገናኘቱን ብቻ ነው። ጉሮሮ ሕመም በሞላበት አገር ስንቱ ጤነኛ ሰው ቢመረመር ፖዘቲቭ ይወጣ ይሆን?

በ2015 ዓ.ም. ብር ተጠራቅሞ ሌላ ከተማ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። ይህኛው ወረቀት የፊተኛውን ሻረው። አር.ኤፍ ኔጌቲቭ። ኤ.ኤስ.ኦ ኔጌቲቭ። ዩሪክ አሲድ የሚባለው፣ ማለትም የእውነተኛው ሪህ ምርመራ፣ በፊት 5.4 የነበረው አሁን 333 ተብሎ ተጽፏል። ከአምስት ወደ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት! ክሊኒኩ ውስጥ ግን ስለ ቁጥሩ ያስረዳ ሰው የለም፤ «ምንም የለብሽም፣ ድካም ነው» ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኟት።

የቁጥሩን ነገር የፈታልን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ትናንሽ ፊደላት አሳየን። አንደኛው ላብራቶሪ የለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በማይክሮሞል በሊትር ነው። የመጀመሪያውን በ60 ገደማ ብታበዙት ሁለተኛውን ያገኛችሁታል አለን። አባዛነው፤ 324 መጣ። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ሁለቱም ደኅና ቁጥር ነው። መምህሩ አክሎም ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ሪህ እንደማይዘው፣ ሪህ የተነሣበት ሰው ደግሞ በሕመሙ ቀን ቢመረመር ቁጥሩ ደኅና ሊመስል እንደሚችል ነገረን። በዚያ ላይ ሪህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው፤ የወር አበባ ባልተቋረጠባት ሴት ላይ ደግሞ እምብዛም አይታይም። እናታችን ያን ዕለት ለራሷ ሥጋ ፈቀደች፤ የሚገዛው ባይኖርም ቅሉ።

ይሁን እንጂ «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ያደረሰው ጉዳት ከ333ቱ ይበልጣል። ወረቀት ኔጌቲቭ ካለ ሰው ያምናል። እናታችን ራሷ አመነች። የሚያማት ነገር ባለመኖሩ እንዴት እንደሚያማት ግራ ገብቷት ማሳ ወረደች፣ ለቀመች፣ ወቀጠች። ያልቻለች ቀን ደግሞ ሰዎች «ሐኪም ደኅና ናት ብሏታል፣ ሰንፋ ነው» ማለት ጀመሩ። ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፤ እኛ የተኛን መስላት። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ተቆልምማ የቀረችው በዚያ ዓመት ነው። እሷ ከእንግዲህ አትቃናም።

ቀጥሎም ሰው ጠቁሟት ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛችው ትንሽ ነጭ ክኒን ነበር። በሁለት ቀን እንደ ልጅ አስፈነጠዛት። በሦስት ወር ፊቷ ክብ ሆኖ አበጠ። በኋላ እንደተረዳነው ፕሬድኒሶሎን ነበር፤ ሐኪም በልክና ለጊዜው ካልሰጠው አጥንት የሚያሳሳ፣ ስኳር የሚጨምር፣ በድንገት ቢያቆሙትም አደጋ ያለው። ስለዚህ ክኒን ብዙ ባንጽፍ ይሻላል፤ ስለሚናደን።

በ2016 ዓ.ም. አንዷ ላም ተሸጠችና በሚዛንና በቦንጋ አድርገን ጅማ ገባን። እዚያ ያየናት ሐኪም ወረቀቶቹን ስንዘረጋላት «ቆዩ፣ መጀመሪያ እጇን» አለች። የእናታችንን ጣቶች አንድ በአንድ እየጨቆነች፣ እየጠየቀች፣ እየቆጠረች ሄደች። «እማማ፣ ይሄ ያምዎታል? ይሄስ?» ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቶቹን ያነበበቻቸው። ግራ የገባን መሆኑን አይታ የሐኪሞችን የነጥብ አሰጣጥ አስረዳችን። መምህራን ለመሆን ለምንሠለጥን ሰዎች ይህ በጣም የሚገርም ነው፣ ምክንያቱም የማረሚያ መመሪያ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ማኅበራት ያወጡት መመሪያ ከ10 ነጥብ ይይዛል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሩማቶይድ አርትራይቲስ አለበት ይባላል። ቢያንስ አንድ መገጣጠሚያ በርግጥ ያበጠ መሆን አለበት፤ ለዕብጠቱም ሌላ የተሻለ ምክንያት መታጣት አለበት። ትናንሾቹ የጣት አንጓዎች ያሉበት ከ10 በላይ መገጣጠሚያ ከታመመ 5 ነጥብ። ሕመሙ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ 1 ነጥብ። ኢ.ኤስ.አር ወይም ሲ.አር.ፒ የተባሉት የብግነት ምርመራዎች ከፍ ካሉ 1 ነጥብ። አር.ኤፍ እና ፀረ ሲ.ሲ.ፒ የተባሉት የደም ምርመራዎች በአንድነት የሚያስገኙት ቢበዛ 3 ነጥብ ብቻ ነው። የእናታችንን ደመርነው። አምስት፣ አንድ፣ ኢ.ኤስ.አሯ 62 ስለነበር አንድ። ሰባት! አር.ኤፍ ኔጌቲቭ ቢሆንም እንኳ አለፈች፤ ካለፉ መቼስ የሚያስደስት ፈተና አልነበረም።

ታዲያ አር.ኤፍ አንዴ ፖዘቲቭ፣ አንዴ ኔጌቲቭ የሆነው ለምንድን ነው? ይህን ነገር ኖርዌያዊው ኤሪክ ቫለር እ.ኤ.አ. በ1940፣ አሜሪካዊው ሃሪ ሮዝና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1948 ካወቁት ወዲህ ምርመራው የሚናገረውም የማይናገረውም ታውቋል። ሩማቶይድ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ኔጌቲቭ ይወጣሉ። በአንጻሩ ጤነኛ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ፣ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ የጉበት ቫይረስ፣ የሳንባ ነቀርሳና ወባም ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ወባ እንደሆነ የመቲ ሰው ዘመድ ነው። በዚያ ላይ በብዙ አነስተኛ ላብራቶሪዎች ምርመራው የሚሠራው ላቴክስ በተባለ ፈሳሽ ነው፤ አንዲት ጠብታ ከደሙ ውኃ ጋር ተቀላቅላ እንደ ተቆረጠ ወተት ትቋጠር እንደሆነ በዓይን ይታያል። ወሰኑ ላይ ያለችውን ጠብታ አንዱ ቋጥራለች፣ ሌላው አልቋጠረችም ቢል ሁለቱም ባለሙያዎች ሥራቸውን ሠርተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ላም እንምጣ። እኛ ያሰብነው እሷን ሸጠን፣ አዲስ አበባ ወስደናት ፀረ ሲ.ሲ.ፒውን ማስመርመር ነበር። ሲ.ሲ.ፒ ከአር.ኤፍ ይልቅ ለዚህ በሽታ የተለየ ምስክር መሆኑን ሰምተን ነበርና። ታላቅ እኅታችን የቁርጡ ይታወቅ አለች፣ ታናሹ አይሸጥም አለ፤ ላሚቱ ለማሠልጠኛው መግቢያ ተብላ የተቀመጠች ነበረች። ጭቅጭቁ የተፈታው በሐኪሟ አንዲት ጥያቄ ነው። «ፖዘቲቭ ቢወጣ የማዝላትን መድኃኒት አልቀይርም፤ ኔጌቲቭ ቢወጣም አልቀይርም። ታዲያ ላሟን ለምን ትሸጣላችሁ?» ላሟ እስከ ዛሬ ትታለባለች፤ የማሠልጠኛውን ወጪ የከፈለውም የጥጃዋ ዋጋ ነው።

የታዘዘላት ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ፣ በየቀኑ ቢዋጥ ሊገድል የሚችል፣ ነፍሰ ጡርም የማትወስደው መድኃኒት በመሆኑ ቀኑን ሐሙስ አድርገን በግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍነው። ማርያምን ሐሙስ፣ ትላለች እሷም። ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድና ክሎሮኪን ተሰጣት። ክሎሮኪኑን ያየች ጎረቤት «ውይ፣ ወባም ጨመረባት?» ብላ አዝና ሄደች። ለወባ የተሠራው መድኃኒት የመከላከያ ኃይሉን ቁጣ ማብረዱን ለማስረዳት ሁለት ሲኒ ቡና ፈጀን።

የወረቀቱ ግርታ ግን በዚህ አላለቀም። መድኃኒቱ በጀመረ በአምስተኛው ወር ጣቶቿ ላልተው፣ ራሷ ሊጥ እያቦካች ሳለ፣ ኢ.ኤስ.አር 71 ወጣ። ከበፊቱ የባሰ! ኋላ እንደታየው ወባ ይዟት ነበር። ኢ.ኤስ.አር ማለት ቀይ የደም ሴሎች በቀጭን ብልቃጥ ውስጥ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ መለካት ነው፤ ወባም፣ የደም ማነስም፣ እርግዝናም ያዘቅጧቸዋል፤ የትኛው እንዳዘቀጣቸው ብልቃጡ አይናገርም። በሌላ ጊዜ ደግሞ 24 ወጥቶ፣ እኛ እየተደሰትን ሳለ፣ እሷ ጉልበቷን ይዛ መቆም አቅቷት ነበር።

ስለዚህ ታናሹ ወንድማችን ከክፍሉ አስተማሪ የውጤት መመዝገቢያ አይቶ አንድ ሠንጠረዥ በደብተር አሰመረ። ቀን፣ የምርመራው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ የላብራቶሪው የራሱ ወሰን፣ በዚያ ሳምንት ወባ ወይም ጉንፋን ነበረ ወይስ አልነበረም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች የምትሞላው እናታችን ናት፤ ፊደል ስለማትቆጥር በቃሏ ትናገራለች፣ እኛ እንጽፋለን። አንደኛው፣ ጠዋት ጣቶቿ እስኪፈቱ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው፣ በዚያ ቀን ምን ሠራች። ሐኪሟ ደብተሩን ስታገኝ መጀመሪያ የምታነበው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የዘንድሮ ኅዳር መስመር እንዲህ ይላል፦ ኢ.ኤስ.አር 31፤ የጉበት ምርመራ ደኅና፤ ወባ የለም፤ ጣት እስኪፈታ 20 ደቂቃ፤ እስከ እኩለ ቀን ቡና ለቀመች፣ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ቀጣዩ ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ አንዱ በማስተማር ልምምድ ላይ ስለሚሆን፣ ደብተሩን ይዞ ጅማ የሚያደርሳት ታናሹ ነው፤ ለጉዞው የሚሆነውም ብር ከቡናው ተቀምጧል።