«ኦርጅናል ነው!»

መብራት ስለጠፋ «ተመስገን!» ያልነው በዕድሜያችን አንድ ቀን ብቻ ነው።

አክስታችን ከአሜሪካ ስትመጣ ላፕቶፕ ይዛልን መጣች። የቻርጀሩ ጥርስ እንደዚያ አገር ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛ ቤት ሶኬት ደግሞ የሚያውቀው ክቡን ነው። አክስታችን ይህን ስለምታውቅ ከላፕቶፑ ጋር አንዲት ነጭ አዳፕተር ጨምራ ሰጠችን። ለየዘመዱ የሚሆን አንድ ላይ ገዝታ ነበርና ከዚያው ላይ መሆኑ ነው። እኛም ተራ እየተጋፋን ስንሰካባት ከረምን።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ታናሽ ወንድማችን በጨለማ ቻርጀሩን ሲነቅል አዳፕተሯ ለሁለት ተገመሰች። ፕላስቲኩ እጁ ላይ፣ ሁለቱ ብረቶች ግድግዳው ውስጥ ቀሩ። እሱ ሆዬ በጣቱ ይዞ ሊነቅላቸው! እማዬ «ተው አንተ ልጅ!» ብላ ስትጮህ እጁን ሰበሰበ። ሮጠን ብሬከሩን አጠፋን። ፒንሳ ስንፈልግ የጎረቤት መብራት ቦግ አለ። ለትንሽ ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

ኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፍርድ ሰጠ፦ «ፎርጅድ ሆና ነው እንጂ ኦርጅናል ብትሆን ኖሮ...»

እውነት? አፕልን የሚያህል ኩባንያ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2016 የራሱን ኦርጅናል «መልሱልኝ፣ በነጻ ልቀይርላችሁ» ብሎ ጠርቷል። ከ2003 እስከ 2015 ከማክ ኮምፒውተሮችና ከአንዳንድ አይፎንና አይፓዶች ጋር፣ እንዲሁም በመንገደኞች የአዳፕተር ስብስብ ውስጥ የወጡት ባለ ሁለት ጥርስ መሰኪያዎች ሊሰበሩና የነካቸውን ሰው ኮረንቲ ሊይዘው ይችላል ተባለ። ያኔ ኩባንያው አውቀዋለሁ ያለው 12 አደጋ ነበር። በ2019 ደግሞ የእንግሊዝ ዓይነቶቹን ባለ ሦስት ጥርሶች ጠራ።

ከተጠሩት መካከል ለአውሮፓ የተሠሩት አሉ። እነሱ የእኛ ሶኬት ውስጥ ልክ ይገባሉ። ማን ያውቃል፣ አንዷ አሁን አልጋችሁ አጠገብ ትሆናለች። ንቀሏትና መሰኪያዋን ከቻርጀሩ ለዩአት፤ ከዚያ የሚጋጠሙበትን ጉድጓድ እዩ። አራት ወይም አምስት ምልክቶች ካሉ፣ ወይም ጭራሽ ምንም ካልተጻፈ ከተጠሩት ናት። ሦስት የላቲን ፊደል ካለ የተሻሻለችው ናት።

ነገሩ ግን የአንድ ኩባንያ አይደለም። እንዲህ ያለው ጥሪ የሚፈልገው ዕቃውን የገዛውን ሰው ነው። እኛ ደግሞ ገዢዎች አይደለንም፤ ተቀባዮች ነን። ደረሰኙ ሌላ አገር፣ ምናልባትም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው። ዕቃው በሻንጣ ይመጣል፤ ጥሪው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከውጭ ዕቃ ስትልኩልን የሞዴል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አንድ ጊዜ ፈልጉልን። እኛም ስንቀበል «ኦርጅናል ነው!» ብለን ዓይናችንን አንጨፍን።

ለአክስታችን ደውለን የሆነውን ነገርናት። ዝም አለች። ከዚያ «ለስንት ሰው መሰላችሁ የሰጠሁት?» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ።

ሳምንቱን ሙሉ ስም እየቆጠረች ስትደውል ሰነበተች። የአዳፕተሯ ፋብሪካ አልጠራንም። የጠራችን አክስታችን ናት።

ቸር ይግጠመን!