«ወርውር!»

ባለፈው ጥቅምት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። 16 ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ በትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ከእኛ እግር ኳስ ጋር በስም እንጂ በሌላ ብዙም አይገናኝም። ኳሷ በሁለቱም ጫፍ ሾጠጥ ያለች ናት፤ ተይዛ ይሮጥባታል፣ በእጅ ትወረወራለች። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደፊት መግፋት አለበት። አለዚያ ኳሷ ለባላጋራ ትሰጣለች።

የእኛ ልጅ ኳርተርባክ ነው፤ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ያለው ጊዜ 3 ሰከንድ ቢሆን ነው። ግዙፍ ግዙፍ ልጆች ሊጥሉት እየመጡበት፣ ወይ ቅርብ ላለው ጓደኛው አቀብሎ 5 ያርድ ያተርፋል፣ ወይ 40 ያርድ ርቆ ለሚሮጠው ይለቃል። ረጅሙ ከተሳካ ሜዳው በጩኸት ይናጋል። ካልተሳካ ባላጋራ ሊቀልበው ይችላል።

አንድ ዓርብ ማታ ጨዋታው ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀር በ4 ነጥብ ይመሩ ነበር። ሙከራው ገና 1ኛው ነው። ልጄ ከጎኔ ብድግ ብሎ «ወርውር! ረጅሙን!» እያለ ጮኸ። ልጁ ወረወረ። ኳሷን ከሰማይ ያወረዳት ግን የሌላ ማሊያ የለበሰ ልጅ ነበር።

መኪና ውስጥ አባቱ «እንዴት አይታይህም? ሁለት ሰው ነበር እኮ!» አለው። ልጁ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል።

ማታ ቪዲዮውን በስልኩ አሳየኝ። «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ይታይሃል?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ተከላካይ ነው፤ ሴፍቲ ይሉታል። «እሱ ወደዚህ ሲሮጥ ረጅሙ ተዘጋ። ቅርብ ያለው ግን ነፃ ነበር።»

«ታዲያ አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ። ግን ዳዲ ሲጮኽ ሰማሁ።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ተማሪ ሳለ ካርዱን ይዞ ሲመጣ፣ ገና ከበር «ስንተኛ ወጣህ?» የምለው እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት 7ኛ ወጥቶ ካርዱን ፍራሽ ሥር ደብቆት ነበር።

ጠዋት ቡና ላይ የሰማሁትን ለልጄ ነገርኩት። ሲኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። ቆይቶ «አባዬ፣ አንተም እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አዎ፣ እኔም» አልኩት።

ሰኞ ዕለት አሠልጣኙ ልጁን አልተቆጣውም፤ «ምን አየህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ስመ ጥሩ ፔይተን ማኒንግም እ.ኤ.አ. በ1998፣ በፕሮፌሽናል ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ 28 ኳሶች እንደተቀለቡበት ነገረው። ማኒንግ በኋላ 5 ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል።

በቀጣዩ ዓርብ ልጄ እጆቹን ጭኑ ሥር ከቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ ተመለከተ። ልጁ አብዛኛውን ኳስ ለቅርቡ ሰጠ፤ አንዴ ረጅሙን ሞክሮ ኳሷ መሬት ወደቀች። ያም ጨዋታ በሽንፈት አለቀ። መኪና ውስጥ ልጄ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ቆየና «እሺ፣ ዛሬ ምን አየህ?» አለው።

ልጁ ቤት እስክንደርስ ሲያወራ ሄደ።