መተማ፦ ሌላ መንገድ ነበረን?



በሰንበት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ወጣቶችን ከሁሉ ይበልጥ ሲያከራክር ያየሁት ዐድዋ አይደለም፤ ስለ ዐድዋ ሁሉም ይስማማል። የሚያከራክረው መተማ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበት ጦርነት ተገቢ ነበረን? ሌላ አማራጭስ ነበራቸውን? አንዱ ወጣት «አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ዝም ይባላል?» ይላል። ሌላዋ እኅት ደግሞ «ንጉሡ ራሳቸው የሰላም ደብዳቤ ጽፈው የለም እንዴ? ታዲያ ጥቂት ወራት ቢታገሡ ምን ነበረበት?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለቱም ጥያቄዎች የክርስቲያን ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን አክብሬ ሌላውን ማቃለል አይቻለኝም።

አስቀድሜ ከየት ሆኜ እንደምናገር ላመልክት። ያደግሁት በጎንደር ነው። በልጅነታችን «ደርቡሽ» የሚለው ስም ማስፈራሪያ ነበር። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን ስለ ንጉሥና ስለ ጦር አሰላለፍ አንዲት ቃል አትናገርም ነበር፤ የምትናገረው ስለ ተቃጠሉት አድባራት፣ ታቦት ይዘው ወደ ዱር ስለ ሸሹት ካህናት፣ በገመድ ታስረው ወደ ቆላ ስለ ተነዱት ሴቶች ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች እንዳዳኑት የሚነገረውን ትውፊትም የሰማሁት ከእርሷ ነው። እንዲህ ያለውን ትረካ ይዞ ያደገ ሰው ስለ መተማ ሲጠየቅ መልሱ ከአእምሮው ቀድሞ ከአንጀቱ ይወጣል። ይህን የምለው ሚዛኔ ወደ የት ሊያዘነብል እንደሚችል አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

ወደ ነገሩ ስንገባ፣ ጠቡ በጎንደር ቃጠሎ እንዳልጀመረ መታወቅ አለበት። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ንጉሡ ሊረዱ፣ በምላሹም የቦጎስ ምድር ሊመለስላቸውና በምጽዋ በኩል ንግድ በነጻ ሊያልፍላቸው ነበር። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ በኩፊት ላይ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉትም በዚሁ ቃል ምክንያት ነበር። ነገር ግን ያ ደም ከመፍሰሱ በፊት፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ይዞ ነበር። እንግዲህ ኢትዮጵያ የሌላ መንግሥት ወታደሮችን ለማዳን ስትል አዲስ ጠላት አተረፈች፤ የተሰጣት ተስፋ ግን ከእጇ ወጣ። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ «ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው» የሚል ትርጉም ያለው ትውፊት እንዳለ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ግን መሐዲስቶች «ቀድመው የነኩን እነርሱ ናቸው» ለማለት ምክንያት አገኙ።

ቀጥሎ በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ሐምዳን አቡ አንጃ በብዙ ሠራዊት መጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነሣቸው፤ ጎንደርንም ዘረፈ፣ አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ነበር። በመጋቢት ሰዓጢ ላይ ከጣልያን ጋር ተፋጠጡ፤ ጣልያን ግን ከምሽጉ አልወጣም። ሠራዊቱ ተርቦና ታሞ ነበርና ንጉሡ ሳይዋጉ ተመለሱ። ይህ መመለስ ብዙ ጊዜ እንደ ድክመት ይነገራል። እኔ ግን ከዘመናቸው ታላላቅ ውሳኔዎች እንደ አንዱ አየዋለሁ። ሰዎቹን በምሽግ ላይ መማገድ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ፣ ሃያ ሺህ ይዞ የሚመጣበትን በዐሥር ሺህ ሊቋቋም ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ ተቀምጦ ስለሚመክር፣ ካልቻለም ገና በሩቅ ሳለ መልእክተኛ ልኮ ዕርቅ ስለሚለምን ንጉሥ ተናግሯል። ምሳሌው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ የተነገረ እንጂ ስለ ጦር ሕግ አለመሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ጌታ ተቀምጦ የሚመክረውን ንጉሥ እንደ አስተዋይ አድርጎ ማቅረቡ ሳይታለፍ አይቀርም።

ዐፄ ዮሐንስም መልእክት ልከዋል። ከመተማ ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለአቡ አንጃ የጻፉት ደብዳቤ፣ በእኔ አስተያየት፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ እኔ ወደ አገርህ ብመጣ የምገድለው ድሃውን ነው፤ አንተም ወደ አገሬ ብትመጣ የምትገድለው ድሃውን ነው፤ ስለዚህ ምስኪኖችን በከንቱ ከምንፈጅ የሁለታችንም ጠላት በሆነው በአውሮፓዊው ላይ እንተባበር። ይህን የጻፉት ከጎንደር ቃጠሎ በኋላ ነው! ለቤተ ክርስቲያን ቀናዒ የሆነ ንጉሥ፣ አድባራቱን ላቃጠለ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ምን ያህል ቁጣ እንደ ዋጠ አስቡት። የመጣላቸው መልስ ግን ስድብና «እስልምናን ተቀበል» የሚል ነበር።

እንግዲህ በዘዳግም በሃያኛው ምዕራፍ የታዘዘው፣ ወደ ከተማ ስትቀርብ አስቀድመህ ሰላምን አቅርብ የሚለው ተፈጽሟል ማለት ነው። «ለምን አልለመኑም?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይዘጋል። የሚቀረው የእኅታችን ጥያቄ ነው፤ ሰላሙ ባይገኝ እንኳ በደጋው ላይ ሆነው መጠበቅ አይቻልም ነበርን?

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ መልካም ነው። የመተማ ቆላ ለደገኛ ሠራዊት አስቸጋሪ ምድር ነው፤ ጠላት ዐቀበት ወጥቶ እንዲመጣ መጠበቅ ብልኅነት ይመስላል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሠራዊት ስንቅ የሚሰፈርለት ሠራዊት አልነበረም፤ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ክረምት በአንድ አገር ቢሰፍር ያ አገር ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የከብት ዕልቂቱ ጀምሯል፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ በደጅ ነው። ስለዚህ «ጠብቁ» የሚለው ምክር ደም የሌለበት ምክር አልነበረም፤ የሚከፍለው ሰው ይለያያል እንጂ ዋጋ ያስከፍላል። ወጣቶቻችን አማራጭ ሲያቀርቡ ዘወትር የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፦ በአማራጩ የሚራበው ማን ነው?

እኔ እውነተኛው አማራጭ የነበረው ከወሰኑ ማዶ ሳይሆን በአገር ውስጥ ነበር እላለሁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ሲሸነፉ ከንጉሠ ነገሥቱ የደረሰላቸው ርዳታ አልነበረም፤ ልባቸው ሻከረና ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር መከሩ። ዐፄ ዮሐንስም ይህን ሲሰሙ ደርቡሽን ከመግጠማቸው በፊት ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ አገሩም ክፉኛ ተዘረፈ፣ ጠፋ። አንድ ቀን በጉባኤያችን ቤተሰቦቿ ከጎጃም የሆኑ ልጅ ተነሥታ፣ «በእኛ ቤት ከ1881 ዓ.ም. የሚታወሰው ደርቡሽ አይደለም፤ የዮሐንስ ጦር ነው» አለች። ጉባኤው ጸጥ አለ። የእኔ አያት ያወረሰችኝ ትረካና የእርሷ አያት ያወረሰቻት ትረካ የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው፤ ሁለቱም በእንባ የተነገሩ ናቸው፤ ጥፋቱን ያደረሰው ግን በአንዱ ባዕድ፣ በሌላው ወገን ነው። ቀድሜ በጠቀስሁት በዘዳግም ምዕራፍ ከተማን የሚከብብ ሠራዊት የፍሬ ዛፍን እንኳ እንዳይቆርጥ ተከልክሏል። ለባዕድ ከተማ ዛፍ የተሰጠው ምሕረት ለተጠመቀው የጎጃም ገበሬ አልደረሰውም። ለአቡ አንጃ የተጻፈው ዓይነት ደብዳቤ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላም አለ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተዋሕዶ ሃይማኖት ጸናች፤ ይህን በደስታ እናስተምራለን። ከጉባኤው በኋላ ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐዋጅ ታዘዙ፤ እንቢ ያሉ ተነሡ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሱዳን ወሰን ተሰደዱ። ይህን የምጽፈው ንጉሡን ለመክሰስ አይደለም፤ በዘመኑ የነበረው የመንግሥት አስተሳሰብ ሃይማኖትን ከአገር አንድነት አይለይም ነበር። ይሁን እንጂ ከአቡ አንጃ የመጣው «ሃይማኖቴን ተቀበል» የሚለው መልስ እኛን ሲያስቆጣን፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ያንኑ ቃል የሰማ የወሎ ገበሬ እንደ ነበረ መርሳት ፍትሕ አይደለም። ጥምቀት በፈቃድና በእምነት የሚቀበሉት ጸጋ እንጂ በጭፍራ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም።

ጦርነቱ ራሱ አጭር ነበር። ሠራዊቱ የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም ተቃርቦ ሳለ ንጉሡ በጥይት ተመቱ። የንጉሡ መቁሰል በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስ ዐረፉ፤ ሥጋቸውን ይዘው የሚመለሱትንም ደርቡሾች ደረሱባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ያ ዓመት ሳይወጣ ጣልያን ወደ ደጋው ወጥቶ አስመራን ያዘ።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ወደ ልቤ የሚመጣው ንጉሥ ኢዮስያስ ነው። በዜና መዋዕል ካልእ በሠላሳ አምስተኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ቤተ መቅደሱን ያደሰ፣ ፋሲካን ያከበረ ያ ጻድቅ ንጉሥ ከግብፁ ንጉሥ ከኒካዑ ጋር ለመዋጋት ወጣ። «የመጣሁት በአንተ ላይ አይደለም» የሚል መልእክት ቢላክለትም አልሰማም፤ በቀስት ተወግቶ ሞተ። ኤርምያስም አለቀሰለት። ዐፄ ዮሐንስም ጉባኤ የሠሩ፣ ከእስክንድርያ አራት ጳጳሳትን በአንድ ጊዜ ያስመጡ ንጉሥ ናቸው። ልዩነቱም መታወቅ አለበት፤ ኒካዑ የኢየሩሳሌምን መቅደስ አላቃጠለም፣ የሰላም ቃል የላከውም እርሱ ነበር፤ በመተማ ግን ሰላም የጠየቁት የእኛ ንጉሥ ናቸው። ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኢዮስያስ የሚናገርበት መንገድ ይጠቅመናል፤ ጽድቁን አይቀንስበትም፣ ያንን ዘመቻም አያሞግስለትም።

በምዕራቡ ዓለም ስለ «ፍትሐዊ ጦርነት» በመስፈርት የተደረደረ ትምህርት አለ። የምሥራቅ አባቶች ወደዚያ ብዙ አላዘነበሉም። ቅዱስ ባስልዮስ በቀኖናው አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ይናገራል፤ ወዲያውም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቊርባን ቢከለከሉ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ቀኖና ውስጥ ናቸው። ለሃይማኖቱና ለወገኑ የተዋጋው ወታደር ወንጀለኛ አልተባለም፤ በደስታ እየዘለለ ወደ ቅድስት እንዲገባም አልተፈቀደለትም። ስለ መተማ ከእኔ ፍርድ ለሚሹ ሁሉ የምሰጣቸው መልስ ከዚህ አይርቅም፦ መከላከሉ ተገቢ ነበር፤ ጎጃምን ያጠፋው ቁጣ ግን ተገቢ አልነበረም፤ ንጉሡም ወደ መተማ የወረዱት ሁለቱንም ተሸክመው ነው።

በ2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከሱዳን የሚሸሹት ሰዎች ወደ አገራችን ከገቡባቸው በሮች አንዷ ይህችው መተማ ነበረች። ከእነርሱ መካከል የአቡ አንጃ ወታደሮች የልጅ ልጆች ይኖሩ ይሆን? ሊኖሩ ይችላሉ። የመጡት ልጆቻቸውን አዝለው፣ ውኃና መጠለያ ፈልገው ነው።