ሥዕሉን አልተቀበሉኝም

ጳጉሜን ለእንቁጣጣሽ ሠዓሊ እረፍት የላትም። እኛ ገርጂ ስናድግ አንዷን መልአክ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈን፣ በላይዋ ንጹሕ ወረቀት እየደረብን ሃያ ሠላሳ መልአክ እናወጣ ነበር። በውሃ ቀለም መጀመሪያ የአደይ አበባው ቢጫ ይቀባል፤ እሱ ሳይደርቅ አረንጓዴውን ያስነካ ጉድ ፈላበት! ውሃ ሲበዛ ደግሞ ወረቀቱ ይጨማደድና የመልአኩ ክንፍ የዶሮ ይመስላል። ከሥሩ “እንኳን አደረሳችሁ” ተጽፎ፣ መስከረም 1 በጠዋት ከቤት ቤት መዞር ነው። ሴቶቹ በ“አበባየሆሽ”፣ እኛ በሥዕላችን።

ታዲያ ባለፈው እንቁጣጣሽ አንድ ልጅ እዚህ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በሬን አንኳኳ። ስልክ እያወራሁ ነበር። 50 ብር ሰጥቼው በሩን ልዘጋ ስል፣

“ጋሼ፣ ሥዕሉን አልተቀበሉኝም’ኮ” አለኝ።

“ለሌላ ቤት ስጠውና ተጠቀምበት።” ደግነት መሆኑ ነው እንግዲህ!

ልጁ ብሩን ዘረጋልኝ። “እኔ ልመና አይደለም የመጣሁት።”

ስልኩን ዘጋሁ። ሥዕሉ አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። ቢጫው ወደ አረንጓዴው ፈሷል፤ ሳይደርቅለት ቸኩሎ ነው።